ስለ ሂትሮው ቤቶች እርጥበትና ሻጋታ፤ ከሣር ጎጆ እስከ ድርብ መስተዋት

ስለ እንግሊዝ አገር የሚነገረውን ሁሉ ሰምቶ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ፣ በዚያ ምድር የመኖሪያ ቤቶች ግድግዳ በሻጋታ የሚጠቁረው ዝናቡ ስለሚበዛ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። የአየር ጠባይ መዝገብ ግን ከዚህ አሳብ ጋራ አይስማማም፤ ከለንደን መሐል በስተ ምዕራብ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሂትሮው የመለኪያ ጣቢያ በዓመት የሚመዘገበው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚወርደው ከ1,100 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲያውም ይኸው ጣቢያ ጁላይ 19 ቀን 2022 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 40.2 ዲግሪ ሙቀት መዝግቦ፣ የአፋር ቆላ ሰው እንኳ ጥላ የሚፈልግበትን ቀን አሳይቷል። ልዩነቱ ያለው ከሰማይ በሚወርደው ውሃ ብዛት ሳይሆን የወረደውን ውሃ መልሳ በምታነሣው ፀሐይ ላይ ነው፤ የእኛ ክረምት ምንም ቢከፋ መስቀል ሲደርስ ፀሐይ ወጥታ ጣራውንም ግድግዳውንም የቆዳውንም ዕቃ ታደርቀዋለች፤ በሂትሮው ግን ዝናቡ በዓመቱ ወራት ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየተከፋፈለ ሲወርድ፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ወጥታ ዝቅ ብላ ስለምትገባ፣ የረጠበው ሁሉ እንደ ረጠበ ይከርማል።

የምድሩም ጠባይ ለዚህ የተመቸ ነው። ከታች የለንደን ሸክላ የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ድፍን አፈር፣ በላዩ የቴምስ ወንዝ በጥንት ዘመን ጠርጎ ያከማቸው ጠጠር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእርሻም ለጡብ ሥራም የሚስማማ ደቃቅ አፈር ተነባብረው ስለሚገኙ፣ በጠጠሩ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ከሸክላው ሲደርስ መውረጃ አጥቶ ይቆማል። በስተ ምዕራብ የኮልን፣ በስተ ምሥራቅ የክሬን ወንዝ ያዋስኑታል፤ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1638 እና በ1639 ለሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥታቸው ውሃ ለማድረስ ያስቆፈሩት ሎንግፎርድ የተባለው ሰው ሠራሽ ወንዝም በዚሁ ሜዳ ላይ ያልፋል። ስለዚህ የሂትሮው ነዋሪ ከውሃ ጋራ ሲኖር እንጂ ከውሃ ሲሸሽ አልኖረም፤ ጥበቡም እርጥበቱ ወደ ቤቱ እንዳይገባ መከልከል ብቻ ሳይሆን የገባው ፈጥኖ የሚወጣበትን መንገድ ማዘጋጀት ነበረ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መውጫ እንዴት እንደ ተዘጋ፣ በመዘጋቱም ማን እንደ ተወቀሰ መተረክ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ በ1944፣ የሂትሮው የአውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ሊነጠፍ ሲል፣ ደብልዩ. ኤፍ. ግራይምስ የተባሉት የአርኪኦሎጂ ሊቅ በቦታው «የቄሣር ሰፈር» ሲባል የኖረውን ቅጽር መሐንዲሶቹ ሳይደርሱበት በችኮላ ቆፍረው መረመሩት። የተገኘው የቄሣር ጦር ሰፈር አልነበረም፤ ከሮማውያን መምጣት በፊት በብረት ዘመን የኖሩ ገበሬዎች የሠሩት መንደር ነበረ፤ የክብ ጎጆዎች መሠረትና አራት ማዕዘን የሆነ የጣዖት መቅደስ ፍራሽም ታየ። የእነዚህ ጎጆዎች አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ሾጣጣ ሣር፣ ምድጃው በመካከል የሆነ ቤት ስለ ነበረ፣ የእሳቱ ጢስ በሣሩ መካከል እየሰረገ ሲወጣ ክዳኑን ያደርቃል፣ ነቀዙን ያባርራል፣ የሰውንና የከብትን ትንፋሽም ይዞ ይሄዳል። በእርግጥ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሳንባንም ይጎዳል፤ ስለ ጢስ ቤት ውዳሴ ለማቅረብ የሚፈልግ ካለ አንድ ክረምት ተቀምጦበት ይየው። ነገር ግን በዚያ ቤት እርጥበት ማደሪያ አልነበረውም።

ከሂትሮው በስተ ሰሜን በምትገኘው በሃርመንድስወርዝ መንደር ግን ፍራሹ ሳይሆን ሕንፃው ራሱ ቆሞ የሚመሰክር የእርጥበት ትምህርት ቤት አለ። የዊንችስተሩ ጳጳስ ዊሊያም ኦቭ ዋይከም ለመሠረቱት ለዊንችስተር ኮሌጅ በ1391 የገዙት ርስት በዚያ ስለ ነበረ፣ ኮሌጁ የርስቱን እህል የሚያከማችበት ታላቅ ጎተራ በ1426 እና በ1427፣ ማለት በእኛ አገር ዐፄ ይስሐቅ በነገሡበት ዘመን፣ አሠራ። ርዝመቱ 58 ሜትር፣ ወርዱ ከ11 ሜትር በላይ ነው፤ ዐምዶቹና አግዳሚዎቹ የባሉጥ እንጨት ናቸው፤ ውስጡም እንደ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ረድፍ ዐምዶች በሦስት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ባለቅኔው ጆን ቤቸመን የሚድልሴክስ አውራጃ ካቴድራል ብለውታል። ተመልካች ሁሉ ዓይኑን ወደ ጣራው ያነሣል፤ የእርጥበትን ነገር ለሚያጠና ሰው ግን ዋናው ነገር ከታች ነው። እያንዳንዱ ዐምድ ምድር ሳይነካ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እንጨት ከምድር ጋራ ከተገናኘ በሥሩ በኩል ውሃውን ወደ ላይ እየጠጣ በጥቂት ዓመት እንደሚበሰብስ አናጢዎቹ ከአባቶቻቸው ተምረው ነበርና። ግድግዳውም ድፍን ግንብ ሳይሆን ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደርቦ የተመታ በመሆኑ፣ ዝናቡን ይመልሳል፣ ነፋሱን ግን በየስንጥቁ ያሳልፋል። እህል በእርጥበት ከታፈነ ይሞቃል፤ ከሞቀ ይሻግታል፤ ይህን ለማወቅ የላቦራቶሪ ምርመራ አላስፈለጋቸውም።

የእኛም ገበሬ ጎተራውን በድንጋይ ላይ አንሥቶ የሚያቆመው፣ የገዳማቱም መጻሕፍት በማኅደራቸው ሆነው በግድግዳ ላይ በካስማ ተሰቅለው የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብራና ከምድር ርቆ አየር ሲዞርበት ይከርማል፤ በሣጥን ታፍኖ በመሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ይሻክራል፣ ይቆረፍዳል፣ ይበላል። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይማማሩ ወደ አንድ ጥበብ መድረሳቸው የሚያስደንቅ አይመስለኝም፤ ውሃ በሃርመንድስወርዝም በጎጃምም ጠባዩ አንድ ነው። ያ ጎተራ ከብዙ ባለቤቶች መፈራረቅ በኋላ በ2012 ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት በ20,000 ፓውንድ ተገዝቶ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ በለንደን አካባቢ ለአንዲት የመኪና ማቆሚያ እንኳ በማይበቃ ዋጋ 6 ምዕት ዓመት ያህል ደርቆ የቆመ ሕንፃ ማግኘት መልካም ንግድ ነው።

ስለ እርጥበት በሂትሮው ምድር ከተጻፈው ዜና ሁሉ ግን እጅግ የሚደነቀው ከመኖሪያ ቤት ጋራ ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስለው የሜጀር ጄኔራል ዊሊያም ሮይ የመሬት ልኬት ነው። በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ባየለበት በ1784፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሊቃውንት የግሪኒችና የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ቤቶች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ርቀት በትክክል ለማወቅ ተስማምተው፣ የልኬቱ መነሻ የምትሆን አንዲት ቀጥተኛ መሥመር በተስተካከለ ሜዳ ላይ ማግኘት አስፈለጋቸው፤ ሮይም ከሂትሮው እስከ ሃምፕተን ድረስ የተዘረጋውን የሃውንዝሎው ሜዳ መረጡ። ጄሲ ራምስደን የተባለው የዘመኑ ስመ ጥር መሣሪያ ሠሪ እያንዳንዳቸው 20 ጫማ የሆኑ ዘንጎች ከተመረጠ የጥድ ዘር እንጨት ሠርቶ አስረከበ። የእጅ ሥራው ነቀፋ አልነበረበትም። ነገር ግን መስኩ ላይ በወጡ ጊዜ ዘንጎቹ በረጠበው ማለዳ ሲረዝሙ፣ ፀሐይ በደመቀች ጊዜ ሲያጥሩ ተገኙ፤ ምድርን ለመለካት የተሠሩት ዘንጎች አየሩን ይለኩ ጀመር ማለት ነው። ዝናብ ያልነካው፣ ውሃ ያልፈሰሰበት፣ በጥንቃቄ የተያዘ እንጨት ከአየር ብቻ ውሃ ጠጥቶ መጠኑን እንደሚለውጥ ሮይ በመዝገብ አስፍረው፣ እንጨቱን ትተው በዚያው መጠን የተሠሩ የመስተዋት ቱቦዎች አስመጡ፤ በእነርሱም መሥመሩ ከ27,404 ጫማ ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተለካ። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ራሳቸው ሥራውን ለማየት መጡ፤ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበርም በ1785 የኮፕሊን ሜዳይ ለሮይ ሰጠ። በ1791፣ ሮይ ካረፉ በኋላ፣ የመሥመሩ ሁለት ጫፎች በመድፍ አፈሙዝ ምልክት ተደረገባቸው፤ የሂትሮውዋ መድፍ በ1944 ለአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ከቦታዋ ተነሥታ በ1972 ተመልሳለች፤ ዛሬም በማረፊያው ሰሜናዊ መንገድ ዳር ቆማ ትታያለች፤ ከአጠገቧ የሚያልፈው የታክሲ ሰልፍ ግን ማን እንደ ተከላት የሚጠይቅ አይመስልም።

የሮይ ዘንጎች ያስተማሩት ነገር ለቤት ሠሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው። እንጨት፣ ጭቃ፣ ኖራና ለስላሳ ጡብ የአየሩን እርጥበት ጠጥተው ያቆያሉ፤ አየሩ ሲደርቅ ይመልሱታል፤ መስተዋት ግን አይጠጣም፤ ስለማይጠጣም እርጥበቱ በላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በኋላ ዘመን የመጣው መከራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከመርሳት የተወለደ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የአገሩ ደቃቅ አፈር ጡብ ሆኖ በሲፕሰንና በሃርመንድስወርዝ መንደሮች የእንጨቱን ቤት ተካ፤ ጢስ መውጫ ያለው የከሰል ምድጃ በየክፍሉ ገባ። ከ1696 እስከ 1851 ድረስ መንግሥት በመስኮት ቍጥር ግብር ስላስከፈለ ብዙ ባለ ቤቶች መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ ብርሃንና አየር እንዲህ በገንዘብ የተሸጡበት ዘመን በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ከሚያሳፍሩት አንዱ ነው። በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ ለየአካባቢው ሹማምንት የሕንፃ ደንብ እንዲያወጡ ሥልጣን ከሰጠ በኋላ፣ ከመሠረቱ በላይ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ወይም ሬንጅ አግድሞ በማንጠፍ ከምድር የሚወጣውን ውሃ መቁረጥ ግዴታ እየሆነ ሄደ። የሃርመንድስወርዝ አናጢዎች ከዐምዶቹ ሥር ባስቀመጡት ድንጋይ ያደረጉትን ሕጉ ከ450 ዓመት በኋላ ደረሰበት።

የሂትሮው መንደር ራሷ ግን የዚህን ታሪክ ፍጻሜ አላየችም። ፌሪ የተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ በ1930 በአጠገቧ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ከፍቶ ነበር፤ በ1944 ግን መንግሥት ለአየር ኃይል ያስፈልጋል ብሎ በጦርነት ጊዜ ሥልጣን የእርሻ ቤቶቹን፣ የፍራፍሬውን ተክልና የአትክልቱን ቦታ ሁሉ ወስዶ አፈረሰ። የአየር ሚኒስቴሩ ምክትል የነበሩት ሃሮልድ ባልፎር በ1973 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ከመነሻው የታሰበው ለሲቪል ማረፊያ እንደ ነበረና ያለ ሸንጎ ክርክር ለመውሰድ ሲባል ጦሩ ምክንያት እንደ ተደረገ ገልጠው ተናግረዋል። ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1946 ማረፊያው ለሲቪል አገልግሎት በተላለፈ ዕለት ስታርላይት የተባለችው አውሮፕላን ወደ ደቡብ አሜሪካ ተነሣች፤ መንገደኞቹም የሚስተናገዱት ከጦሩ በተረፉ ድንኳኖች ውስጥ ነበረ። በድንኳኖቹ ውስጥ ባለ ድጋፍ ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ ቢኖርም ማሞቂያ አልነበረም፤ ከድንኳኑ ወደ አውሮፕላኑ ለመድረስም ጫማ በጭቃ እንዳይበላሽ በተነጠፈ እንጨት ላይ ይሄዱ ነበር። ያች ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ማረፊያዎች አንዷ የሆነች ስፍራ ሥራዋን የጀመረችው ከእርጥበት ጋራ እየታገለች ነው።

በዙሪያዋ ያሉት ቤቶች መተንፈሻቸውን ያጡት በአንድ ቀን አይደለም፤ በበጎ አሳብ በተደረጉ ነገሮች ተራ በተራ ነው። በዲሴምበር 1952 ከ5 እስከ 9 ቀን በለንደን ላይ ተጋርዶ የሰነበተው የከሰል ጢስና ጉም በዚያን ጊዜ ግምት 4,000 ያህል ሰው ስለ ፈጀ፣ ፓርላማው በ1956 የንጹሕ አየር ሕግን አውጥቶ ጢስ የሚያወጣ ከሰል የማይነድባቸው ቀበሌዎች እንዲከለሉ ፈቀደ። ሕጉ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እያንዳንዱ ምድጃ ከሙቀቱ ሌላ ማንም የማያስተውለው አገልግሎት ነበረው፤ እሳቱ ሲነድ የክፍሉን አየር ከነእርጥበቱ በጢስ መውጫው ወደ ሰማይ እየሳበ፣ በደጃፍና በመስኮት ስንጥቅ አዲስ አየር ያስገባ ነበር። ምድጃው ሲቀር ጢስ መውጫው በሳንቃና በጡብ ተደፈነ፤ የብርዱ መግቢያ ተዘጋ ተብሎም ሁሉ ተደሰተ። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከፑንጃብ መጥተው በሄይስና በሳውዝሆል ፋብሪካዎች፣ በማረፊያውም ውስጥ ሥራ የያዙ መጻተኞች ደግሞ ብዙዎቹ በአንድ ቤት ተጠጋግተው የላምባ ምድጃ እያነደዱ ክረምቱን ይገፉ ጀመር፤ አንድ ሊትር ላምባ ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ስለሚለቅ፣ ምስኪኑ ብርዱን ሲያባርር እርጥበቱን ይጋብዝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የአውሮፕላን ድምፅ ነው። ሜይ 2 ቀን 1952 ኮሜት የተባለው አውሮፕላን ከሂትሮው ወደ ጆሃንስበርግ ተነሥቶ የመጀመሪያውን መደበኛ የጄት የመንገደኞች አገልግሎት ከከፈተ ወዲህ፣ የጄቱ ጩኸት እያደር በዙሪያው ያለውን ሕዝብ እንቅልፍ ነሣው። በሰር አለን ዊልሰን የሚመራው የድምፅ ጉዳይ ኮሚቴ በ1963 ዘገባውን አቀረበ፤ በ1966ም የማረፊያው ጎረቤቶች ከክፍሎቻቸው ጥቂቶቹን በድርብ መስተዋት እንዲያስደፍኑ ከወጪው ከፊሉን የሚሸፍን የርዳታ ሥርዓት ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ድምፅ የማያስገባ መስኮት አየርም እንደማያስገባ ስለ ተረዱ፣ ከመስተዋቱ ጋራ የአየር ማዘዋወሪያ መሣሪያ እንዲተከል አስበው ነበር። ሆኖም መሣሪያ ሲያንጎራጉር ይጠፋል፤ ብርድ ሲያስገባ በጨርቅ ይወተፋል፤ ሲበላሽ ጠጋኝ ያጣል። የሂትሮው ጎረቤት ስለዚህ በልዩ ፈተና ውስጥ ገባ፤ መስኮቱን ቢከፍት ሰማዩ ይጮኽበታል፣ ቢዘጋ ግድግዳው ይጠቁርበታል። የአንድን ጉዳት ካሣ የሚከፍል መንግሥት በካሣው ሌላ ጉዳት ሲያስከትል ማየት በአስተዳደር ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ግን ሸክሙን ይጥላል። አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በትንፋሹ፣ በምግብ ማብሰሉ፣ በገላ መታጠቡና ልብስ በቤት ውስጥ በማድረቁ በቀን 10 ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ ያ ሁሉ መውጫ ካጣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባና የሰሜኑ ግድግዳ ማዕዘን ያልበዋል። በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው አየር እርጥበቱ ከመቶ 80 እጅ በላይ ሆኖ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በየትም የሚንሳፈፈው የሻጋታ ዘር ይበቅላል፤ ሰውም ዱቄቱን ከአየሩ ጋራ ስለሚስበው ሳል፣ አስምና የአፍንጫ ቍጣ ይከተላሉ። ከሂትሮው የሚነሣው ፈጣን ባቡር ከ1998 ጀምሮ በሚደርስበት በፓዲንግተን ጣቢያ አጠገብ ባለው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ከሻጋታ ፔኒሲሊንን ማግኘታቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በሳሕን ላይ የተገኘውን ሻጋታ በማመስገን በሕፃን አልጋ ራስጌ የበቀለውን መታገሥ አይገባም።

በ1960ዎቹ የተነሡት የኮንክሪት ሕንፃዎች ችግሩን አባሱት፤ ኮንክሪቱ የውጩን ብርድ ሳይከለክል ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ ደግሞ ድሃው ተከራይ ማሞቂያውን ለማብራት አቃተው። በግላስጎው ከተማ በዚያ ዘመን የተሠሩ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃዎች ከእርጥበታቸው የተነሣ ሕዝቡ የቅጽል ስም አውጥቶላቸው በ1987 ፈረሱ። አከራዮችና ሹማምንት ግን ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ ጥፋቱ የተከራዩ አኗኗር ነው፣ ብዙ ያበስላል፣ ልብስ በቤት ያደርቃል፣ መስኮት አይከፍትም የሚል። ፍርድ ቤትም ረዳቸው፤ በ1985 የይግባኙ ችሎት በዌልስ አገር የአንድን ተከራይ ክስ መርምሮ፣ ቤቱ በጤዛ ምክንያት ለኑሮ እጅግ የከፋ ቢሆንም የሕንፃው አካል ራሱ እስካልተሰበረ ድረስ አከራዩ የመጠገን ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የተበላሸ ከሆነ ተበላሸ አይባልም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመግለጽ የሕግ ሊቅ መሆን ያስፈልጋል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ስለ ቤት ለምጽ የሠራውን ሥርዓት ያነበበ ሰው በዚህ ፍርድ ይደነቃል። በዚያ ሥርዓት የቤቱ ባለቤት በግድግዳው ላይ ደዌ የመሰለ ነገር ማየቱን ለካህን ያስታውቃል፤ ካህኑ ዕቃው አብሮ እንዳይረክስ አስቀድሞ ቤቱን ባዶ ያስደርጋል፤ ገብቶም አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ የጎደጎደ ምልክት ቢያገኝ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶ ሲያየው ሰፍቶ ከሆነ ድንጋዮቹ ወልቀው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፣ ውስጡ ሁሉ ይፋቃል፣ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጭቃ ይታደሳል፤ ይህም ሁሉ ተደርጎ ደዌው ዳግመኛ ቢወጣ ቤቱ ይፈርሳል። መተርጕማን ምስጢሩን በየመንገዳቸው ያመሠጥሩታል፤ ለእኔ ግን በንባቡ ብቻ እንኳ የሚበቃ ትምህርት አለበት። የሚመረመረው ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ስንት ጊዜ እንደሚታጠብና ምን ያህል እንደሚያበስል የሚጠይቅ ካህን በምዕራፉ ውስጥ የለም።

እንግሊዝ ወደዚህ አሳብ የደረሰችው ዘግይታ ነው። የ2004 የቤቶች ሕግ እርጥበትንና ሻጋታን ለጤና አስጊ ከሆኑት ነገሮች መካከል አስቆጠረ፤ ከማርች 20 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ደግሞ ማናቸውም የተከራየ ቤት ለሰው መኖሪያ የሚገባ እንዲሆን ግድ አለ። ሕዝቡን ሁሉ ያነቃው ግን በዲሴምበር 2020 በሮችዴል ከተማ ያረፈው የሁለት ዓመቱ ሕፃን አዋብ ኢሻቅ ነው፤ ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ በቤታቸው ስለ በቀለው ሻጋታ ደጋግመው ቢያመለክቱም ቀለም ቀቡበት ተብለው ነበር። የሞት መርማሪዋ ዳኛ በኖቬምበር 2022 ሞቱ በሻጋታው ምክንያት እንደ ሆነ አረጋገጡ። የቤቶች ዕንባ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት በ2021 ባወጣው ዘገባ ሻጋታ የአኗኗር ጥፋት አይደለም ብሎ አስታውቆ ነበር፤ በ2023 በወጣው ሕግም የሕፃኑን ስም የያዘ ድንጋጌ ገባ።

እንግዲህ በሃውንዝሎው፣ በሄይስና በሳውዝሆል፣ በሂትሮው ሰማይ ሥር ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፤ ድስት ስትጥዱ መክደን፣ የወጥ ቤቱን በር መዝጋት፣ አየር ሳቢውን ማብራት፣ ቁም ሣጥኑን ከውጩ ግድግዳ ማራቅ፣ አውሮፕላኑ ፋታ በሚሰጥበት ሰዓት መስኮቱን ትይዩ ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ነፋስ ማሳለፍ መልካም ነው፤ በረኪናም ገጹን ያነጻል። ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ ግድግዳው ቢጠቁር ግን በቤታችሁ ቡና በመፈላቱ አትፈሩ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቱ። ከካውንስል ወይም ከቤቶች ማኅበር የተከራያችሁ እንደ ሆነ፣ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ አከራዩ ብርቱ የሆነውን የእርጥበትና የሻጋታ አደጋ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመረምር፣ ለሕይወት የሚያሰጋውንም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግድ ሕግ ያስገድደዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የተከራዮች መብት ሕግም ይህን ግዴታ ወደ ግል አከራዮች ለማድረስ መንገዱን ከፍቷል። ቀኑ የሚቆጠረው አከራዩ ከሰማበት ጊዜ ጀምሮ ነውና፣ ደብዳቤውን ለነገ አታሳድሩት።